ሞላው ሲጠነክር ሾኩ ምን ይሁን?

ሱማሌ ተራ ከሚገኙ የመለዋወጫ ሱቆች ደጃፍ ጥቂት የቆመ ሰው «የኋላ ሾክ (ሾክ አብዞርበር) አለ? መኪናው ይነጥራል» የሚለውን ጥያቄ መስማቱ አይቀርም። ሻጩ ሞዴሉንና ዓመቱን ይጠይቃል። ሞላው፣ ማለትም መኪናውን የሚሸከመው ጥምዝ ብረት፣ ተነክቶ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስንቱ ቪትዝና ኮሮላ የፍጥነት መገደቢያ ጉብታ ሆዱን እየነካው ሲያስቸግር በሞላው ጥምዞች መሃል የጎማ ቁራጭ ይሰካበታል! ጎማው መኪናውን ከፍ ያደርገዋል፤ በዚያው ልክ ሞላውንም ያጠነክረዋል። ሾኩ ግን የተሠራው ለቀድሞው ሞላ ነው። መንጠሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ ሾኩ ትንሽ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ወዲያው ይታወቃል።

ሞላ ክብደት ተሸክሞ ጉልበት ያጠራቅማል። ሾክ አብዞርበር ያንን ጉልበት በጠባብ ቀዳዳ በሚያልፍ ዘይት ወደ ሙቀት እየለወጠ ያጠፋዋል። የሞላን ኃይል የሚወስነው ምን ያህል መጨመቁ ነው፤ የሾክን ኃይል የሚወስነው በምን ፍጥነት መንቀሳቀሱ ነው። እንግዲህ ቆሞ ሳለ ዝቅ ብሎ የሚታይ መኪና ችግሩ ያለው ሞላው ላይ ነው። ጋዝ ያለው ሾክ መኪናን ቢያነሳ በጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ «ወርዷልና ሾክ ቀይርልኝ» ማለት ብር መጣል ነው።

ሁለቱን የሚያገናኘው ሕግ አንድ ነው። የሚያስፈልገው የማርገብ ኃይል የሚያድገው በሞላው ጥንካሬና በተሸከመው ክብደት ብዜት ስኩዌር ሩት ነው። ክብደቱ ሳይለወጥ ሞላው 25 በመቶ ቢጠነክር ሾኩ መጠንከር ያለበት 12 በመቶ ብቻ ነው። ሞላው 40 በመቶ ቢጠነክር 18 በመቶ፣ እጥፍ ቢሆን 41 በመቶ። «ሞላው በዚህን ያህል ጨምሯል፣ ሾኩም በዚያው ያህል ይጨምር» የሚለው ስሌት መኪናውን ድንጋይ ያደርገዋል።

ልኩ የሚነገረው በምጣኔ ነው። ተጭኖ የተለቀቀ መኪና ከመቆሚያው ሳያልፍ በፍጥነት ተመልሶ እንዲቆም የሚያስፈልገውን ማርገብ 1 እንበለው። ምቾት የሚፈልግ የቤት መኪና ከ0.2 እስከ 0.4 ባለው ውስጥ ይሠራል፤ ለከተማ 0.3 ጥሩ መነሻ ነው። ከ0.2 በታች መኪናው ጉብታውን ካለፈ በኋላም ይወዛወዛል። ከ0.5 በላይ መሪው ላይ ጥሩ ስሜት ይሰጣል፤ ኮብልስቶን ላይ ግን ጥርስ ያንቀጫቅጫል።

መለካት፦ ከፍታ፣ ክብደት፣ ሞላ

ከፍታ የሚለካው ከጎማው እምብርት መሃል እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የቆርቆሮ ሽፋን) ጠርዝ ነው። ከመሬት ከተለካ የጎማው ነፋስ ልኩን ያበላሸዋል። ደልዳላ ቦታ ያስፈልጋል፤ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ መንገድ ዳር ይህን ማግኘት ስለሚያስቸግር የሕንፃ ምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ይሻላል። ከመለካትዎ በፊት እያንዳንዱን ማዕዘን ሁለት ሦስት ጊዜ ጫን ለቀቅ ያድርጉ፤ የጎሚኒዎቹ (በመጋጠሚያዎቹ ውስጥ ያሉት ላስቲኮች) ፍትጊያ መኪናውን ከእውነተኛ መቆሚያው ላይ እስከ 1 ሳንቲሜትር ሊያስቀረው ይችላል። አራቱንም ይጻፉ። በአንድ አክስል ግራና ቀኝ መካከል ከ1 ሳንቲሜትር በላይ ልዩነት ካለ አንዱ ሞላ ደክሟል ወይም ተሰብሯል፤ ስለ ሾክ ማሰብ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የሞላውን ጥንካሬ ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። ሞላው ከወጣ በቨርኒየር ካሊፐር ሦስት ነገር ይለካል፦ የሽቦው ውፍረት፣ የጥምዙ የውጭ ስፋት፣ የሚሠሩት ጥምዞች ብዛት። ከውጭ ስፋቱ ላይ የሽቦው ውፍረት ሲቀነስ መካከለኛው ስፋት ይገኛል። ከላይና ከታች መቀመጫው ላይ ተኝቶ የማይንቀሳቀሰው የጥምዝ ክፍል አይቆጠርም። ከዚያ የሽቦው ውፍረት አራት ጊዜ በራሱ ይባዛል፣ ውጤቱ በ79,000 ይባዛል። ይህ ለመካከለኛው ስፋት ሦስት ጊዜ በራሱ ብዜት፣ ለ8 እና ለጥምዞቹ ብዛት ይካፈላል። ሁሉም በሚሊሜትር ከሆነ መልሱ ኒውተን በሚሊሜትር ነው።

በቁጥር ይታይ። ሽቦው 12 ሚሊሜትር፣ የውጭ ስፋቱ 132፣ መካከለኛው 120፣ የሚሠሩት ጥምዞች 5 ቢሆኑ ጥንካሬው 23.7 ኒውተን በሚሊሜትር ይወጣል፤ በኪሎ 2.4 ገደማ በሚሊሜትር ማለት ነው። ያው ሞላ በ13 ሚሊሜትር ሽቦ ቢሠራ 32.6 ይሆናል። አንድ ሚሊሜትር ብቻ 38 በመቶ ጨመረች! ለዚህ ነው «ያው ነው፣ ይገባል» ተብሎ የተገጠመ የሌላ ሞዴል ሞላ የመኪናውን ጠባይ የሚቀይረው። ቀለሙንም ሳይፍቁ አይለኩ። በሁለቱም በኩል 0.2 ሚሊሜትር ቀለም ካለ 12 የሆነው ሽቦ 12.4 ተብሎ ይነበብና ስሌቱን 14 በመቶ ያሳስታል። የጥምዞቹ ርቀት ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ ያለ ከሆነ ይህ ስሌት አይሠራም፤ እንዲህ ያለው ሞላ በተጫነ ቁጥር ይጠነክራል።

ከዚሁ ስሌት ማስቆረጥም ጎማ መሰካትም ምን እንደሚያደርጉ ይታያል። ከ5 የሚሠሩ ጥምዞች አንዱ ተቆርጦ ቢወጣ ወይም በጎማ ታስሮ ከሥራ ውጭ ቢሆን 23.7 የነበረው 29.6 ይሆናል። ልዩነታቸው አንዱ መኪናውን ዝቅ ማድረጉ፣ ሌላው ከፍ ማድረጉ ነው። ጎማ የተሰካበት ሞላ ሌላም ጣጣ አለበት፦ የታሰረው ጥምዝ ድርሻ ወደ ቀሩት ስለሚዛወር ሞላው ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከጎማው ጠርዝ ላይ ነው። በእሳት አሙቆ ዝቅ ማድረግን በተመለከተ ክርክርም አያስፈልግም፤ የብረቱ ተመልሶ የመቆም አቅም ይጠፋና ሞላው በየሳምንቱ እየተኛ ይሄዳል።

ሞላውን ማውጣት ካልተፈለገ የስሚንቶ ከረጢት ይበቃል። አንዱ 50 ኪሎ ነው። ሁለቱን ከኋላ አክስሉ በላይ፣ መሃል ላይ ያስቀምጡ። ከአክስሉ ኋላ፣ የዕቃ መጫኛው ጫፍ ላይ ከተቀመጡ ከክብደታቸው በላይ ይጫናሉና ልኩ ይዛባል። እያንዳንዱ ጎን 50 ኪሎ፣ ማለትም 490 ኒውተን ተሸከመ። መኪናውን ጫን ለቀቅ አድርገው እንደገና ሲለኩ 22 ሚሊሜትር ከወረደ በጎማው በኩል ያለው ጥንካሬ 490 ሲካፈል ለ22፣ 22.3 ኒውተን በሚሊሜትር ነው። ይህ ቁጥር ከሽቦ ስሌቱ የሚበልጥበት ነገር አለ፤ የእጀታውን ርዝመት ጨምሮ ነው የሚመጣው።

እጀታ ያልነው ጎማው በሚጓዘውና ሞላው በሚጨመቀው መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ጎማው 50 ሚሊሜትር ሲነሳ ሞላው 50 ሚሊሜትር ላይጨመቅ ይችላል። ፊት ለፊት ሾኩና ሞላው አንድ ላይ በሚቆሙባቸው ትንንሽ መኪኖች ሞላው ከጎማው ጉዞ 95 በመቶ ገደማ ይጓዛል። 0.95 በራሱ ሲባዛ 0.90 ስለሚሆን የሞላው ጥንካሬ ጎማው ላይ ሲደርስ 90 በመቶ ይሆናል። ሾክም እንዲሁ ነው። 30 ዲግሪ ያዘነበለ የኋላ ሾክ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበቱ 75 በመቶ ብቻ ነው። ባሌስትራ (የተደራረበ ዝርግ ብረት ሞላ) ያላቸው ፒክአፖች ላይ ሾክ ቀጥ ብሎ እንዲቆም መቀመጫውን ሲያዛውሩ መኪናው በድንገት የሚደርቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ማዕዘን ተሰልቶ

የፊት አክስሉ ከሾፌሩ ጋር 600 ኪሎ የሚጫነው ትንሽ መኪና እንውሰድ። በአንድ ጎን 300 ኪሎ ነው። ከዚህ ላይ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬንና የመሳሰለው ሞላው የማይሸከመው 35 ኪሎ ሲቀነስ 265 ይቀራል። ሞላው 23.7፣ ጎማው ላይ ሲደርስ 21.4 ኒውተን በሚሊሜትር፣ ማለትም 21,400 ኒውተን በሜትር። 21,400ን በ265 አባዝተው፣ ስኩዌር ሩቱን ወስደው፣ በ2 ቢያባዙ 4,760 ገደማ ይመጣል። ምጣኔ 1 የሚባለው ይህ ነው። 0.3ው 1,430 ነው። ሾኩ ላይ ደግሞ ለ0.9025 (0.95 በራሱ ተባዝቶ) ሲካፈል 1,580 ገደማ ኒውተን ሰከንድ በሜትር ይሆናል።

ይህ አማካይ ነው። ሾክ ሲዘረጋና ሲጨመቅ እኩል አይሠራም፤ አብዛኛው የቤት መኪና ሾክ ሲዘረጋ ሲጨመቅ ከሚሰጠው እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይይዛል። ጉብታ ላይ ሲወጣ መጨመቁን ከሾኩ ጋር ሞላውም ይቃወማል፤ ሲመለስ ግን የተጠራቀመውን የሞላ ጉልበት የሚይዘው ሾኩ ብቻውን ነው። በሁለት ለአንድ ከከፈልነው 2,110 ሲዘረጋ፣ 1,055 ሲጨመቅ። በሴኮንድ 0.3 ሜትር ሲንቀሳቀስ 630 እና 315 ኒውተን ገደማ ማለት ነው። የመሞከሪያ ማሽን ወረቀት ያገኘ ሰው የሚያነጻጽረው ከነዚህ ጋር ነው።

አሁን በዚያው ሾክ ላይ ባለ 13 ሚሊሜትሩን ሞላ ያስገቡ። የመኪናው ተፈጥሯዊ ውዝዋዜ በሴኮንድ ከ1.43 ወደ 1.68 ይወጣል። ምጣኔው ከ0.30 ወደ 0.26 ይወርዳል። አዲስ ሾክ ከሆነ ይህ ይቻላል፤ መንገደኛው ላያውቀውም ይችላል። ሾኩ ግማሽ ጉልበቱን ያጣ አሮጌ ከሆነ ግን 0.15 የነበረው 0.13 ይሆንና መኪናው ጀልባ ይሆናል። ባለቤቱ «ሞላ ከቀየርኩ ወዲህ ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ሞላው ግን የገለጠው ቀድሞ የነበረ በሽታ ነው።

ጭነትም እንደ ሞላ ነው የሚሠራው። ኋላ በአንድ ጎን 200 ኪሎ የነበረው ሦስት ሰውና ሻንጣ ሲጨመርበት 300 ቢሆን 0.30 ወደ 0.245 ይወርዳል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ የሚያመላልስ መኪና የሚሰላው በሚጭነው ክብደት ነው እንጂ ባዶውን አይደለም። ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚሞላ የቤት መኪና ደግሞ በሁለት ሰው ክብደት ይሰላ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ እዚህ ላይ ልብ በሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ቁጥራቸው በዝቷል። ባትሪው ከሥር ስለሚጨምረው ክብደት ሞላቸውም ሾካቸውም ተመሳሳይ ስፋት ካለው የቤንዚን መኪና የጠነከረ ነው። ቡሎኑ ገጠመ ተብሎ የቤንዚን መኪና ሾክ አይሰቀልባቸውም።

ያለውን ሾክ በስልክ መፈተን

ማዕዘኑን ተጭኖ «አንዴ ነጥሮ ቆመ፣ ደህና ነው» ማለት የተለመደ ነው፤ ዓይን ግን ያታልላል። የስፌት ሜትር ቁራጭ በፕላስተር ፓራፋንጎው ላይ ወደ ታች ይለጥፉ። ከአጠገቡ መሬት ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ ያቁሙና ዜሮው የት እንደሚያርፍ ምልክት ያድርጉ። ስልኩን በዝግተኛ ቪዲዮ አድርገው ከሜትሩ ትይዩ ያስቀምጡ። ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ እኩል እየጫነ መኪናውን ከውዝዋዜው ጋር አብሮ ያጋፋው፤ 5 ሳንቲሜትር ሲወርድ ሁለቱም እኩል እጃቸውን ያንሱ።

ቪዲዮው ላይ የሚታየው መኪናው ከመቆሚያው በላይ ስንት እንደወጣ ነው። 2 ሳንቲሜትር ገደማ ከሆነ ምጣኔው 0.3 አካባቢ ነው። 2.6 ከሆነ 0.2 ነው። 3.6 ወጥቶ፣ ወርዶ፣ እንደገና ከወጣ 0.1 ነው፤ ሾኩ አልቋል። ከታች እስከ ታች ያለውን ጊዜም ይቁጠሩ። 39.5ን ሞላው በሚሸከመው ክብደት (በምሳሌያችን 265) አባዝተው ጊዜው በራሱ ተባዝቶ ለሚሰጠው ቢያካፍሉ የሞላው ጥንካሬ ጎማው ላይ ይወጣል። ለምሳሌ 0.7 ሰከንድ ከሆነ 21,360 ኒውተን በሜትር፤ በስሌት ካገኘነው ጋር ይገጥማል። ሁለቱ በጣም ከተራራቁ የክብደቱ ግምት ተሳስቷል ወይም አንድ ጎሚኒ ደርቆ ይዟል። የጎሚኒ ፍትጊያ ውጤቱን ሁልጊዜ ወደ ጥሩ ያደላዋል፤ ስለዚህ ፈተናውን የወደቀ በእርግጥ ወድቋል፣ ያለፈ ግን ገና መንገድ ላይ ይታያል።

መንገድ ላይ ሦስት ቦታ ይበቃል። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ሲወርዱ፣ ከኋላ መኪና በሌለበት ጠንከር ብለው ፍሬን ይያዙ። አፍንጫው ምን ያህል እንደሚደፋ የሚወስነው ሞላው ነው፤ በምን ፍጥነት እንደሚደፋ ሾኩ ነው። ቀስ ብሎ ብዙ ከደፋ ሞላው ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ደፍቶ ቆሞ ከተወዛወዘ ሾኩ አንሷል። ሁለተኛ፣ የፍጥነት መገደቢያ በ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት። የኋላው ጎማ ካለፈ በኋላ ያለውን ውዝዋዜ ብቻ ይቁጠሩ። ሲወርድ ከላይ «ቋ» የሚል ድምፅ ከመጣ ሾኩ እስከ ጫፉ ተዘርግቶ ነው፤ መኪናው በሞላ ጎማ ከፍ ሲል ለመዘርጋት የተረፈው ርቀት ስላጠረ። ሦስተኛ፣ ረዘም ያለ የኮብልስቶን መንገድ። መጀመሪያ ደህና ሆኖ እየቆየ የሚደርቅ መኪና ሾኩ ሲዘረጋ ከልክ በላይ ይይዛል። ሞላው ከአንዱ ድንጋይ ሳይመለስ ሌላው ይመጣበታል፤ መኪናው እየተቀመጠ ሄዶ ማቆሚያ ጎማው (ሾኩ ጨርሶ ሲጨመቅ ምቱን የሚቀበለው ላስቲክ) ላይ ያርፋል። ብዙ ሰው ይህን «ሾኩ ደክሟል» ብሎ ይብሱኑ ጠንካራ ይገዛል።

መግዛትና መምረጥ

እኛ ለአብዛኛው የከተማ መኪና የምንመክረው አሰልቺውን መንገድ ነው፦ የተሰካውን ጎማ ማውጣት፣ የደከመውን ሞላ በፋብሪካው ልክ መተካት፣ ከዚያ በፋብሪካው ልክ የተሠራ ሾክ መግጠም። የተለየ ጥምረት የሚያስፈልገው ዘወትር ከባድ የሚጭን ወይም በምክንያት የተነሳ መኪና ነው። እንዲህ ላለው በካርቶኑ ላይ የማርገብ ኃይል ተጽፎ ስለማይገኝ በዘዴ ይገባል። የአንድ ሞዴል የናፍጣው ወይም ባለ አራት ጎማ ጉልበቱ ዓይነት ብዙ ጊዜ የጠነከረ ሞላና ሾክ አለው። ከአንድ አምራችም ሁለት ደረጃ ይገኛል። ለምሳሌ የሾክ አምራቹ የኬዋይቢ ኤክሴል-ጂ የፋብሪካውን ልክ የሚመልስ ነው፤ ጋስ-ኤ-ጀስት የሚባለው ደግሞ ባለ አንድ ቱቦና ከፍተኛ የጋዝ ግፊት ያለው፣ ከዚያ የጠነከረ ነው። ከ20 እስከ 25 በመቶ ለጠነከረ ሞላ የመጀመሪያው ገና አይሰንፍም። ከ40 በመቶ በላይ ሲሆን ሁለተኛው ይታሰብ። ሁለቱንም ግን ተዘርግቶና ተጨምቆ ያለውን ርዝመት ከአሮጌው ጋር ሳያስተያዩ አይውሰዱ።

ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ ሾኩን መሬት ላይ ቀጥ አድርገው አቁመው አምስት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይጫኑት፣ ይሳቡት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አይቆጠሩም፤ ተኝቶ የቆየ ባለ ሁለት ቱቦ ሾክ አየር ይገባበታል። ከሦስተኛው ጀምሮ አቅጣጫ ሲቀይር ባዶ የሚሆንበት ቦታ ካለ ይመልሱት። ለቀውት በራሱ ቀስ ብሎ ካልተዘረጋ ጋዙ ሄዷል፤ ጋዝ የሌለው የዘይት ሾክ ግን ሲፈጠርም አይመለስም፣ በዚህ አይፍረዱበት። ዘንጉን በጥፍር ይዳስሱት፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወይም የዝገት ነጥብ ካለ ማኅተሙን በልቶ ዘይት ያፈሳል። ጎኑ ላይ የተበየደ ነጥብ ካዩ ተበስቶ ዘይት የተሞላ ነው፤ ዘይቱ ቢገባም የጋዙ ግፊት አልተመለሰም፣ የዘይቱ ቅጥነትም አይታወቅም። ሁለቱን ጥንድ በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ይጫኑ፤ እኩል ካልተመለሱ ጥንድ አይደሉም።

መግጠም

የጎማ ዳዶዎችን መኪናው መሬት ላይ ሳለ ያላሉ፣ ከዚያ በክሪክ አንስተው በብረት ድጋፍ ያስቀምጡ። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር እጅ አይገባም። የፊቱ ሞላ ከሾኩ ሲለይ አደጋው እዚህ ነው፦ የሞላ መጭመቂያዎቹን ሁለቱን ፊት ለፊት በትክክል ተቃራኒ ያስገቡና በመፍቻ አንዱን ሁለት ዙር፣ ሌላውን ሁለት ዙር እያሉ ያጥብቁ። በአየር ሽጉጥ አይደረግም። ሞላው ከላይኛው መቀመጫ ለቆ በእጅ ሲነቀነቅ ካልተሰማዎት የላይኛውን ዳዶ አይንኩ፤ ቀድሞ የተፈታ ዳዶ እንደ ጥይት ነው የሚሄደው። ዘንጉ አብሮ ሲዞር በፒንሳ አይያዝ። በአንድ ጭረት አዲሱ ሾክ አሮጌ ይሆናል።

የላይኛው ማውንቲንግ፣ ማቆሚያ ጎማውና የአቧራ ሽፋኑ አብረው ይቀየሩ፤ ማቆሚያ ጎማው ተፈርፍሮ የጠፋበት ሾክ መጀመሪያ ባገኘው ጉብታ ብረት ለብረት ይመታል። አዲሱን ሾክ ከመግጠም በፊት ቀጥ አድርገው አምስት ጊዜ ይጫኑት። የሞላው ጫፍ በመቀመጫው ጉድጓድ ውስጥ በትክክል መተኛቱን ይዩ። ጎሚኒ ያላቸውን ቡሎኖች በመጨረሻ የሚያጠብቁት መኪናው በጎማዎቹ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ተንጠልጥሎ ሳለ የጠበቀ ጎሚኒ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ እንደ ተጨማሪ ሞላ ሆኖ መኪናውን ከፍ ያደርገዋል፣ ከዚያም ይቀደዳል።

ሁልጊዜ በአክስል ጥንድ ጥንድ ይቀየራል። አዲስ ሞላ በመጀመሪያዎቹ መቶ ኪሎ ሜትሮች ጥቂት ሚሊሜትር ይተኛል። ስለዚህ አላይመንት የሚሠራው ከ300 ወይም 400 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ከፍታው እንደገና ተለክቶ ነው። ከዚያ በፊት መሪው ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ግን አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ይሠራና በኋላ ይደገማል።